ዘይት ሁሉ አንድ አይደለም

ባለሙያ ከሆነች የቤት እመቤት ጓዳ ገብተን ብንመለከት፣ ቅባቱና ዘይቱ ለየራሱ ዕቃ ተሰጥቶት ለየብቻው ተቀምጦ እናገኛለን። ለጋው ቅቤ ለራስ ነው፤ በቅመም የተነጠረው ለወጥ ነው፤ የኑጉ ዘይት ለጾም ነው፤ ተወቅጦ በጨርቅ የተቋጠረው ጎመን ዘር ደግሞ ለምጣድ ማሰሻ ነው። ሁሉም ቅባትነት አለው፤ ሁሉም ያለሰልሳል። ሆኖም ማሰሻውን ከወጥ፣ የወጡን ቅቤ ከጠጉሯ የምታደርግ ሴት ብትገኝ ጎረቤቱ ሁሉ መሳቂያ ያደርጋታል። በጓዳችን ይህን ያህል የምንጠነቀቅ ሰዎች ከመኪና ዘንድ ስንደርስ ግን «ዘይት ያው ዘይት ነው» እንልና፣ ከሱቅ የተገኘውን ወይም ዋጋው የረከሰውን ገዝተን እንገለብጥበታለን።

አንባቢ ሆይ! ምናልባት «እኔ ተማሪ ነኝ፤ ወይም ገና ሥራ የጀመርኩ ጸሐፊ ነኝ፤ መኪና የለኝም፤ ይህ ወሬ ለእኔ ምኔ ነው?» ይሉ ይሆናል። ጥያቄዎ ተገቢ ነው። ነገር ግን መኪና ባይኖረንም ነፍሳችንን ለመኪና አደራ ሳንሰጥ የምንውልበት ቀን ጥቂት ነው። ከዚህም በላይ፣ በመሥሪያ ቤትዎ የግዥ መጠየቂያ ላይ «የካምቢዮ ዘይት፣ 10 ሊትር» ተብሎ ተጽፎ ሲመጣ ወረቀቱን ተቀብለው ወደ ግዥ የሚያስተላልፉት ምናልባት እርስዎ ነዎት። ተማሪም ቢሆኑ፣ በቆርቆሮው ላይ ያለውን የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አንብቦ ለሾፌር አጎትዎ ወይም ለባጃጅ ነጂ ወንድምዎ ሊተረጉም የሚችለው ከእርስዎ የቀረበ ሰው የለም።

ከድልብ ቁልቁል

እኔም ይህን ነገር እንድመረምር ያደረገኝ አንድ ማለዳ የደረሰብኝ ድንጋጤ ነው። ከወልድያ ወደ ምዕራብ፣ በድልብ በኩል ወደ ጋሸና የሚወጣውን መንገድ የሚያውቅ ሰው ያውቀዋል። ወልድያ ከባሕር ወለል በላይ 2000 ሜትር ግድም፣ ጋሸና ደግሞ 3000 ሜትር ግድም ከፍታ ያላቸው ናቸው። በመካከላቸው ያለው መንገድ ተራራውን እየዞረ የሚወጣ፣ አንዱ ወገኑ ገደል የሆነ ነው።

በኅዳር ወር አንድ ማለዳ፣ ውርጩ ገና ከሣሩ ላይ ሳይነሣ፣ ገብስ የጫነ ኢሱዙ ከድልብ ወደ ወልድያ ሲወርድ ከሾፌሩ ጎን ተቀምጬ ነበር። መኪናው ደጋው ላይ አድሮ መንቀሳቀሱ ነው። ሾፌሩ በዕድሜ የገፉ፣ መንገዱን ከልጅነታቸው ጀምሮ የሚያውቁ ሰው ናቸው። ቁልቁለቱ ሲጀምር ከሦስተኛ ማርሽ ወደ ሁለተኛ ለማውረድ ፍሪሲዮን ረገጡ፤ ዘንጉን ሳቡ፤ ማርሹ ግን አልገባም አለ። ደግመው ሞከሩ፤ ካምቢዮው ተንጫረረ እንጂ አልተቀበለም። ወደ ሦስተኛም ልመልሰው ቢሉ እምቢ አለ። በዚህ መካከል መኪናው ከማርሽ ውጭ ሆኖ ሸክሙን ይዞ መንደርደር ጀመረ።

«ምነው ጋሼ?» አልኩ፤ ድምፄ ከጉሮሮዬ ሳይወጣ።

«አብሽር መምህር፤ አብሽር» አሉኝ። ዓይናቸው ግን ከመንገዱ አልተነሣም።

በእግር ፍሬንና በእጅ ፍሬን እየታገሉ፣ ፍሬኑ መሽተት ሲጀምር፣ መኪናውን ወደ ተራራው ወገን አስጠግተው አቆሙት። ረዳቱ ዘሎ ወርዶ ከጎማው ሥር ድንጋይ አስገባ። ለጥቂት ጊዜ ማንም አልተናገረም። ከዚያ በኋላ ሞተሩን እያሠራን ግማሽ ሰዓት ያህል ቆየንና፣ ካምቢዮው ለብ ሲል ገና ከቆመበት ሁለተኛ ማርሽ አስገብተው፣ እንደ እርጉዝ ላም ቀስ እያሉ ወልድያ አደረሱን።

ከሰዓት በኋላ ወደ ጋራዡ አብሬ ሄድኩ። መካኒኩ ከካምቢዮው ሥር ያለውን ቡሎን ሲፈታው፣ የወረደው ዘይት እንደ ወፍራም ማር እየተጎተተ ነበር። ሾፌሩ ከሦስት ቀን በፊት ያስቀየሩት አዲስ ዘይት ነው። «የጭነት መኪና ስለሆነ ወፍራሙ ይሻለዋል ብለው ሰጡኝ፤ ዋጋውም ውድ ነበር» አሉ። መካኒኩም ቆርቆሮውን አገላብጦ አየና «ጋሼ፣ ዘይቱ መጥፎ ዘይት አይደለም፤ ቦታው አይደለም እንጂ። ለዲፈረንሻሉ ቢሰጡት ኖሮ ባመሰገነዎት ነበር» አላቸው። ከዚያም ከመኪናው መሳቢያ ውስጥ የአምራቹን መጽሐፍ አወጣ። መጽሐፉ ከነፕላስቲኩ ነበር፤ ማንም ከፍቶት አያውቅም። ገጹን ገልጦ ሲያሳየን፣ ያ ካምቢዮ የሚፈልገው የማርሽ ዘይት እንኳ ሳይሆን የሞተር ዘይት ሆኖ ተገኘ!

ካምቢዮ ምን ዓይነት ሠራተኛ ነው?

ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ኩሽኔታ የሚሉትን ቃላት የወረስነው ከጣልያንኛ ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የወረራ ዘመን ጣልያኖች ከአስመራ በደሴ በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚወስደውን መንገድ ሲሠሩ፣ የጋራዡ ቋንቋ አብሮ ተስፋፋ። ዛሬ ከደሴ ተነሥቶ በውርጌሳ፣ በመርሳና በስሪንቃ አልፎ ወልድያ የሚገባ ሾፌር ሁሉ በዚሁ ቋንቋ ይናገራል። ስሙን ከወረስን ዘንድ የካምቢዮውን ጠባይ ደግሞ ማወቅ ይገባናል።

በእጅ ማርሽ የሚቀየርበት መኪና ካምቢዮ ውስጥ ትልልቅና ትንንሽ ጥርስ ያላቸው መዘውሮች እርስ በርሳቸው ተያይዘው ይዞራሉ። መኪናው በሚሄድበት ጊዜ አንዱ ፈጥኖ፣ ሌላው ዘግይቶ ስለሚዞር፣ ማርሽ ስንቀይር ሁለቱ ፍጥነታቸው ካልተስተካከለ ይጋጫሉ። በጥንቱ መኪና ይህን የሚያስተካክለው የሾፌሩ ጥበብ ነበር፤ ፍሪሲዮን ሁለት ጊዜ እየረገጠና ነዳጅ እየሰጠ ያመጣጥነው ነበር። በ1928 እ.ኤ.አ. የአሜሪካው ካዲላክ ኩባንያ ይህን ድካም የሚያስቀር መሣሪያ በመኪናዎቹ ላይ አደረገ። ይኸውም ከማርሹ አጠገብ የምትቀመጥ፣ ብዙውን ጊዜ ከነሐስ የምትሠራ ቀለበት ናት። ማርሹ ከመግባቱ በፊት ቀለበቷ ከመዘውሩ ጋር ትሻሻለች፤ በመሻሸቷም የፈጠነውን ታዘገያለች፤ የዘገየውን ታፈጥናለች፤ ሁለቱ እኩል ሲሆኑ ማርሹ ያለ ጩኸት ይገባል።

እንግዲህ የነገሩ ቁልፍ ያለው እዚህ ላይ ነው። የመዘውሩ ጥርሶች የሚያንሸራትት ዘይት ይፈልጋሉ፤ ቀለበቷ ግን እንድትሻሻ ስለተፈጠረች ከመጠን በላይ የሚያንሸራትት ዘይት ሥራዋን ያስቀርባታል። ዘይቱ ከመጠን በላይ ከወፈረ ደግሞ ቀለበቷ ዘይቱን ገፍታ ከብረቱ ጋር መገናኘት ያቅታታል። በድልብ ቁልቁለት ላይ የደረሰብን ይኸው ነው፤ ሌሊቱን በብርድ የረጋው ወፍራም ዘይት ቀለበቷን አላሠራ ብሏት ነበር። ስለዚህ ለካምቢዮ ጥሩ ዘይት ማለት እጅግ ውዱ ወይም እጅግ ወፍራሙ ማለት አይደለም፤ ሁለቱን ጌቶች በልክ የሚያገለግለው ነው።

የዲፈረንሻሉ ጠባይ ግን ሌላ ነው። በ1926 እ.ኤ.አ. ፓካርድ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ሃይፖይድ የሚባለውን የጥርስ አሠራር በመኪና ዲፈረንሻል ላይ አዋለ። በዚህ አሠራር ጥርሶቹ በኃይል እየተጫኑ አንዱ በሌላው ላይ ይንሸራተታሉ፤ ተራ ዘይት ከመካከላቸው ተጨምቆ ይወጣል። ለዚህም ሲባል ድኝና ፎስፎር ያለበት ቅመም ብዙ ተጨምሮበት የሚሠራ ዘይት ተገኘ። ቅመሙ ከብረቱ ጋር ተዋሕዶ እንደ ስስ ልባስ ይሆንና ጥርሱን ከመበላት ያድነዋል። የማርሽ ዘይት ቆርቆሮ ሲከፈት አፍንጫን የሚመታው ሽታ የዚሁ ድኝ ሽታ ነው። ነገር ግን ብረቱን የሚያድነው ቅመም አንዳንድ ጊዜ፣ በተለይ ሲግል፣ ነሐስን የሚበላ ሆኖ ይገኛል። ቀለበቷ ደግሞ ነሐስ መሆኗን አስቀድመን አይተናል።

ቆርቆሮው ምን ይላል?

በማርሽ ዘይት ቆርቆሮ ላይ ሁለት ነገር መፈለግ ይገባል። አንደኛው «ኤፒአይ ጂኤል» ከሚሉት ፊደላት ቀጥሎ ያለው ቁጥር ነው። ኤፒአይ የአሜሪካ የነዳጅ ዘይት ማኅበር ስም ሲሆን፣ ቁጥሩ የቅመሙን ኃይል ያመለክታል። ዛሬ በገበያ የሚገኙት በአብዛኛው ጂኤል-4 እና ጂኤል-5 ናቸው። ጂኤል-5 የሚጨመርበት ቅመም ከጂኤል-4 ሁለት እጥፍ ያህል ነው። ጂኤል-5 ለሃይፖይድ ዲፈረንሻል፣ ጂኤል-4 ደግሞ የነሐስ ቀለበት ላላቸው ለብዙዎቹ ካምቢዮዎች የሚስማማ ነው። «አምስት ከአራት ይበልጣልና አምስቱ ይሻላል» የሚለው ሐሳብ ስሕተት ነው፤ ቁጥሩ የሥራ ዓይነት እንጂ የማዕረግ ደረጃ አይደለም። ይሁን እንጂ አንዳንድ የቶዮታ መጻሕፍት ለካምቢዮው «ጂኤል-4 ወይም ጂኤል-5» ብለው ሁለቱንም ስለሚፈቅዱ፣ በዚህም የሚፈርደው መጽሐፉ ነው።

ሁለተኛው ነገር የውፍረቱ ቁጥር ነው። ይህም 75 ደብልዩ-90፣ 80 ደብልዩ-90፣ 85 ደብልዩ-140 እየተባለ ይጻፋል። ከደብልዩ በፊት ያለው ቁጥር ዘይቱ በብርድ ጊዜ እንዴት እንደሚሆን ያሳያል፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን በብርድ የተሻለ ይፈስሳል። በኋላ ያለው ቁጥር ዘይቱ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሞቅ የሚኖረውን ውፍረት ይገልጻል። ባለ 75ቱ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ፣ ባለ 80ው ከዜሮ በታች 26 ዲግሪ፣ ባለ 85ቱ ከዜሮ በታች 12 ዲግሪ ድረስ እንዲያገለግሉ የተወሰነ ነው። «በአገራችን እንዲህ ያለ ብርድ ከየት መጥቶ?» እንል ይሆናል። ነገር ግን ይህ ዘይቱ ጨርሶ ሥራ እንዳያቆም የተደረገ ወሰን እንጂ፣ ማርሽ በቀላሉ እንዲገባ የተሰጠ ዋስትና አይደለም። ከመርሳ ሙቀት፣ ከ1600 ሜትር ግድም ተነሥቶ በዚያው ቀን ጋሸና ደጋ ላይ የሚያድር መኪና ሁለቱንም አየር የሚችል ዘይት ያስፈልገዋል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ነገር አለ። የሞተር ዘይት 40፣ የማርሽ ዘይት 90 የሚል ቁጥር ስላለው፣ የማርሹ ዘይት ከእጥፍ በላይ የወፈረ ይመስላል። ሁለቱ ግን የተለኩት በተለያየ መለኪያ ነው። አንድ ዱላ በክንድ ሲለካ 2፣ በስንዝር ሲለካ 4 ይሆናል፤ ዱላው ግን ያው ዱላ ነው። እንደዚሁም 90 ቁጥር የማርሽ ዘይት በውፍረቱ ከ40 ወይም ከ50 ቁጥር የሞተር ዘይት ጋር የሚቀራረብ ነው። አንዳንድ አምራቾች ለካምቢዮ የሞተር ዘይት ማዘዛቸው እንግዳ ነገር የማይሆነውም ስለዚህ ነው።

ከተለመደው የሚወጡ

ከብዙዎቹ መኪናዎች የተለየ ዘይት የሚጠይቁ ካምቢዮዎች ስላሉ እነዚህን ለይቶ ማወቅ ይገባል።

ከኢሱዙ መኪናዎች ብዙዎቹ፣ ከላይ እንዳየነው፣ ለእጅ ካምቢዮው የሞተር ዘይት ያዝዛሉ። አንዳንድ ሌሎች አምራቾች ደግሞ ለአውቶማቲክ ካምቢዮ የተሠራውን፣ ብዙውን ጊዜ ቀይ ቀለም ያለውን ቀጭን ዘይት ለእጅ ካምቢዮም እንዲደረግ ያዝዛሉ። ቀለበት የሌላቸው የከባድ መኪና ካምቢዮዎችም ኤምቲ-1 የሚባል የራሳቸው ምልክት አላቸው።

በወልድያና በመርሳ ጎዳና የሚርመሰመሱት ባጃጆችና ሞተር ብስክሌቶች ደግሞ ሌላ ጠባይ አላቸው። ከባለአራት ምቶቹ አብዛኞቹ ሞተራቸውና ካምቢዮአቸው አንድ ዘይት ይጋራሉ፤ ፍሪሲዮናቸውም በዚያው ዘይት ውስጥ ተነክሮ ይሠራል። ለቤት መኪና ከተሠሩት የሞተር ዘይቶች አንዳንዶቹ ነዳጅ ለመቆጠብ ሲባል የሚያንሸራትት ቅመም አለባቸው። እነዚህን ከባጃጅ ውስጥ ያደረገ ሰው ፍሪሲዮኑ እየተንሸራተተ ዳገት እምቢ ሊለው ይችላል። ለእንዲህ ያለው «ጃሶ ኤምኤ» የሚል ምልክት ያለበትን መፈለግ ነው።

የፍሪሲዮኑንም ፈሳሽ አንርሳ። በብዙ መኪና የፍሪሲዮን ፔዳል የሚሠራው እንደ ፍሬን በፈሳሽ ግፊት ነው፤ ፈሳሹም ዶት 3 ወይም ዶት 4 የተባለው የፍሬን ዘይት ነው። ስሙ ዘይት ይባል እንጂ በባሕርዩ ዘይት አይደለም፤ የሞተር ወይም የማርሽ ዘይት በእርሱ ቦታ ቢገባ ጎማዎቹን አሳብጦ ያበላሻቸዋል። ይህ ፈሳሽ ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። አዲሱ ዶት 3 ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ፣ ዶት 4 እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ የሚቆይ ሲሆን፣ እርጥበት ከጠጣ በኋላ የሚጠበቅበት ወሰን ወደ 140 እና ወደ 155 ይወርዳል። ስለዚህ ክዳኑ ተከፍቶ ለወራት የቆየ ጠርሙስ ለቁልቁለት አይታመንም።

ዘይቱ ሲቀየር

ትክክለኛውን ዘይት መግዛት ግማሽ ሥራ ነው። ሌላው ግማሽ በሚከተለው ይጠቃለላል።

አንደኛ፤ መኪናው በደልዳላ ቦታ ይቁም፤ ዘይቱም ለብ ብሎ ይውረድ። ከሥር ያለው ቡሎን ከመፈታቱ በፊት ከጎን ያለው የመሙያው ቡሎን መፈታቱ ይረጋገጥ። አለዚያ ዘይቱን ካፈሰሱ በኋላ የመሙያው ቡሎን አልፈታም ቢል መኪናው ባዶ ካምቢዮ ይዞ ይቀራል።

ሁለተኛ፤ ልኩ ይጠበቅ። በብዙዎቹ ካምቢዮዎች ዘይቱ ከጎን ካለው ቀዳዳ አፍ ሲደርስ በቃው ማለት ነው። ሲያንስ ጥርሱ ይደርቃል፤ ሲበዛ ደግሞ አረፋ ያወጣል፤ ተገፍቶም ወደ ፍሪሲዮኑ ሊገባ ይችላል።

ሦስተኛ፤ የወረደውን ዘይት እንመልከተው። ቡሎኑ ላይ ማግኔት ካለ፣ በላዩ የሚገኘው እንደ አመድ የላመ ብረት የተለመደ ነው፤ የጥርስ ስባሪ ወይም የነሐስ ቅርፊት ከተገኘ ግን የመካኒክ ያለህ ማለት ያስፈልጋል። ዘይቱ እንደ ወተት ነጥቶ ከወረደ ውሃ ገብቶበታል። በክረምት እንደ አላውሃ ያለ ወንዝ ሞልቶ ውሃው መንገድ ላይ ሲወጣ የሚያቋርጥ መኪና ይህ ይደርስበታል፤ የጋለው ካምቢዮ በድንገት ሲቀዘቅዝ በመተንፈሻው በኩል ውሃ ይስባልና።

አራተኛ፤ ከሞተር የወረደ የተቃጠለ ዘይት ለካምቢዮ አይሁን። ቆሻሻውና የብረት ብናኙ በውስጡ ስላለ፣ ዛሬ የተረፈው ገንዘብ ነገ በኩሽኔታና በማርሽ ዋጋ ይከፈላል።

ለቢሮ ሠራተኛ የሚሆን ምክር

በመሥሪያ ቤት የግዥ መጠየቂያ ላይ «የካምቢዮ ዘይት» ብቻ ተብሎ ከተጻፈ፣ ነጋዴው ያለውን ያቀርባል፤ ኮሚቴውም ዋጋው ያነሰውን ይመርጣል፤ ማንም ሕግ አላፈረሰም፤ መኪናው ግን ተጎዳ። ስለዚህ ወረቀቱ ከጠረጴዛዎ ሲደርስ ሾፌሩን ጠርተው የመኪናውን መጽሐፍ እንዲያመጣ ይጠይቁ። ከዚያም «75 ደብልዩ-90፣ ኤፒአይ ጂኤል-4፣ ይህ ሰሌዳ ቁጥር ላለው መኪና ካምቢዮ፣ 3 ሊትር» እንደሚል አድርገው በዝርዝር ይጻፉ። የዲፈረንሻሉና የፍሪሲዮኑ ፈሳሽም ለየብቻው ይጻፍ። ዕቃው ሲገባ ቆርቆሮው ከወረቀቱ ጋር ይመሳከር። ይህ አሥር ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው።

አምራቹ የጻፈው መጽሐፍ ጠፍቶ እንደ ሆነ የመኪናውን ዓይነት፣ የተሠራበትን ዓመትና የካምቢዮውን መለያ ቁጥር ይዞ ዕውቀት ያለውን መካኒክ ወይም አስመጪውን መጠየቅ ነው። «ባለፈው ጊዜ ይህን አድርገንበት ነበር» የሚለው ምስክርነት አይበቃም፤ ባለፈውም ጊዜ ተሳስተን ሊሆን ይችላልና። ማርሽ አላግባብ የገባው ዘይት ጉዳቱን በአንድ ቀን አያሳይም፤ ቀለበቷ ቀስ በቀስ ታልቃለች። መጀመሪያ ማርሹ ጠዋት ጠዋት ይጠነክራል፤ ቀጥሎ ይንጫረራል፤ በመጨረሻ በጣም በሚያስፈልግበት ቦታ ላይ አልገባም ይላል።

በሜዳ አገር ማርሽ አልገባም ቢል መኪና ይቆማል፤ ሰው ይዘገያል፤ ነገሩ በዚያ ያበቃል። በእኛ አገር ግን ማርሽ ሁለተኛ ፍሬን ነው። ከድልብ ገብስ፣ ከመርሳ ፍራፍሬና ሽንኩርት፣ ከየመንደሩም ተማሪና ገበያተኛ ጭኖ ቁልቁለት የሚወርድ ሾፌር ሸክሙን የሚይዘው በከባድ ማርሽ ነው። ያን ዕለት የነዱን ሾፌር ከዚያ ወዲህ መጽሐፉን ከፕላስቲኩ አውጥተው፣ ገጹን አጥፈው ከፊታቸው ያኖሩታል። እንግሊዝኛውን ስለማያነቡ ሁለቱን መስመር በአማርኛ ጽፌ ከገጹ ጋር አያይዤላቸዋለሁ። አንባቢ ሆይ! እርስዎም ለሚያውቁት አንድ ሾፌር ይህንኑ ቢያደርጉለት መልካም ነው።